ባለ ሦስት እግሯ ዶሮ

ዶሮ ስንት እግር አላት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥማችሁ ትስቁበት ይሆናል። እኔ አልስቅም። ባለፈው እንቁጣጣሽ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ ሦስት እግር ያላት ዶሮ ለምሳ አቅርቤያለሁ። ያውም ለአማቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስለ ዶሮ እግር ሲያነሳ ቀስ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ከአማቴ ጋር ላስተዋውቃችሁ። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ነፋስ ስልክ፣ ልጃቸውን ወልደው ባሳደጉበት ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ ያረጠበው የማድ ቤት ደጃፍ አዳለጣቸውና ወደቁ። መነሳት አቃታቸው። ጎረቤታቸው ወንፊት ልትዋስ ብቅ ባትል ኖሮ እዚያው እንደተኙ ይመሽባቸው ነበር። አጥንታቸው ደህና ነው፣ ተመስገን። ባለቤቴ ሰናይት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የላትም። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ስልክ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ ብሶባት ትደነግጣለች። ሥራ ውላ የምትመጣው ዓይኗ ቀልቶ ነው።

"እማዬ፣ በቃ እኛ ጋ ነይ" ትላቸዋለች።

"የሰው ቤት አልገባም።"

"የልጅሽ ቤት እኮ ነው!"

"የልጄ ቤት የባሏም ቤት ነው።"

ባሏ እኔ ነኝ። እኔም በበኩሌ ሄጄ ለምኛለሁ። ከልቤ ነው የለመንኩት። እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ስለሆንኩ ቤት ውስጥ "በላህ ወይ" የሚል አሮጊት ቢኖር ደስታዬ ነው። ችግሩ እትዬ አስካለ የድሮ ሰው ናቸው፤ አማች ይከበራል ብለው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ነው የሚሉኝ። "እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?" "እርስዎ ደክሞዎት ይሆናል፣ ይቀመጡ።" እኔ ስቀመጥ እሳቸው ይነሳሉ፣ እሳቸው ሲቀመጡ እኔ እነሳለሁ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተቀምጠን የምናውቅ አይመስለኝም። እንዲህ ተከባብሮ አብሮ መኖር ጉልበት ይፈጃል።

በመጨረሻ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን "እሺ" አሉ። "እንቁጣጣሽን እናንተ ዘንድ ልዋል። ከዚያ በኋላ እናያለን።"

ይህችን "እናያለን" እኔና ሰናይት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተወያየንባት። ምንድነው የሚያዩት? ቤቱን? ደረጃውን? እኔን? ሰናይት ነርስ ናት፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ታዛለች፤ ለዚህም አዘዘች። "እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታለች፣ እኛ ቤት ስትመጣ አንድ ነገር አትነካም። ሽንኩርት አትልጥም፣ ሳህን አታጥብም፣ ቁጭ ብላ ትከበራለች። እዚህ ምን ያህል እንደምታርፍ ካየች አትሄድም።" እኔም ጭንቅላቴን በአድናቆት ነቀነቅሁ። ይህን የመሰለ እቅድ ተሰምቶ አይታወቅም አልኩ። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሶልያና ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ሥራዋ አያቷ አንድ ነገር ከነኩ መጮህ ነው። ጩኸት ደግሞ ተፈጥሮዋ ነው።

በዋዜማው ጠዋት ሄጄ አመጣኋቸው። አንዲት ቡናማ ቦርሳ ይዘዋል። "ሁለት ቀሚስ ናት፣ እኔው እይዛታለሁ" ቢሉኝም ቀምቼ ተሸከምኳት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሦስተኛው ላይ ወገቤን ያዝኩ። የድሮ ሰው ቀሚስ ሲያሰፋ ጨርቅ አይቆጥብም ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ቦርሳዋን መኝታ ቤት ላስገባት ስል "ኧረ አይልፉ፣ እዚያው በሩ አጠገብ ትሁን" አሉኝ።

ሰናይትና እኔ ተያየን። በር አጠገብ የተቀመጠ ቦርሳ የማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚሄድ ሰው ቦርሳ ነው።

ሰናይት የዚያን ዕለት ተረኛ ነበረች። ከቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ መመሪያ ሰጠችኝ። ዶሮዋን ማረድ፣ መንጨት፣ መለብለብ፣ አስራ ሁለት ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ሽንኩርቱን መክተፍ። የቀረውን እሷ ማታ ትሠራለች።

"አስራ ሁለት ነው፣ እ? እማዬ ፊት እንዳታዋርደኝ።"

"ስሚ" አልኳት፣ "የማንን ሥራ ለማን ታስተምሪያለሽ?"

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መቁጠር ነው። አስራ ሁለት ወንበር ከመጋዘን ከወጣ አስራ ሁለት ወንበር መመለስ አለበት። ሰባራ ይሁን፣ ጀርባ የሌለው ይሁን፣ የሌላ ቢሮ ይሁን እኔን አያገባኝም፤ ቁጥሩ ከሞላ እፈርማለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የውርደቴ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ዶሮዋን ከዋዜማው በፊት በነበረው ቀን ከሀይሌ ጋርመንት ወዲያ ካለው ገበያ ነው የገዛኋት። ሌላው ገዢ ዶሮ እያነሳ ይመዝናል፣ ላባ ገልጦ እፍ ይላል። እኔም ላባ ገልጬ እፍ አልኩ። ምን ማየት እንዳለብኝ ግን የነገረኝ የለም። ቆዳ አየሁ። ነጋዴው "እንዴት ናት?" ሲለኝ "ትሻላለች" ብዬ ቀጭኗን ዶሮ ታቅፌ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ አይቷት "ወንድም፣ ይቺ ጾም ላይ ናት እንዴ?" አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም እንዳላዘነ ሰው አብሬ ሳቅሁ።

እንግዲህ ሰናይት ሄዳ እኔ፣ ተቆጣጣሪዋና አማቴ ቀረን። ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። እትዬ አስካለ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠው ያዩኛል። ሦስት ሽንኩርት ሳልጨርስ እንባዬ በአገጬ ይንጠባጠብ ጀመር።

"እርስዎ" አሉኝ በለሆሳስ፣ "ቢላውን ያውሱኝ፣ ትንሽ ላግዝዎት።"

"ኧረ በስመ አብ! ይረፉ እንጂ!"

ትንሽ ቆይተው ተነስተው መጥረጊያውን ሲያነሱ ሮጬ ተቀበልኳቸው። ደግሞ ትንሽ ቆይተው ሻይ የጠጡበትን ብርጭቆ ይዘው ወደ ማጠቢያው አዘገሙ።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች ተቆጣጣሪዋ። "አያቴ ብርጭቆ ነካች!"

ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ነጭ ሽንኩርት ልላጥ አሉ፣ "የተላጠ ገዝተናል" አልኳቸው። የሶልያናን ጸጉር ልሥራ አሉ፣ "ትናንት ተሠርታለች" አልኳቸው። በየጊዜው የሚመለሱት ወደዚያች ሶፋ ጫፍ ነው። በየጊዜውም ይበልጥ ዝም ይላሉ። እኔ ሞኙ ደግሞ በልቤ "ይኸው እያረፉ ነው" እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ዶሮዋን፣ ቢላዋንና ሁለት ሳፋ ይዤ ወረድኩ። ኮንዶሚኒየም ለማታውቁ፣ ከብሎኩ በስተጀርባ የጋራ ቤት የሚባል አለ። በዓል ሲደርስ ነዋሪው ሁሉ እዚያ ያርዳል፣ ይነጫል፣ ያጥባል። ማረዱን አረድኳት፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሷም ጨፍና ተለያየን። ላባ መንጨቱም እንደምንም አለቀ። ቀና ስል ከአጠገቤ የሁለተኛ ፎቁ ማርቆስ ቆሟል። ማርቆስ ተወልዶ ያደገው ሆሳዕና ነው፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ጥሩ ጎረቤት ነው። ሚስቱ ለመዘምራን ልምምድ ሄዳ እሱም እንደ እኔ ዶሮ ታዞ ወርዷል። የሱ ዶሮ ግን ዶሮ ነች! ጭኗ የእኔን ዶሮ ሙሉ ሰውነት ያክላል።

"ብልት ማውጣት ትችላለህ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንዴታ!" አልኩት።

"እንግዲያው አንተን እያየሁ እቆርጣለሁ።"

እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ ልቆርጥ ነበር ያሰብኩት። ያም ሆኖ ቆረጥን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። እኔ መገጣጠሚያ ባጣሁበት አዲስ መገጣጠሚያ እፈጥራለሁ፤ እሱ ያንኑ ይደግማል። በመጨረሻ የእኔን ቆጠርኩ፣ አስራ ሁለት። የሱንም ቆጠርኩለት፣ አስራ ሁለት። ተጨባበጥን።

ይኼኔ ነው ቧንቧው ያፏጨው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ሳምንት አራት ቀን ጠፍቶ ነበር። "ውሃ መጣ!" የሚል ድምፅ ከየፎቁ ወረደ። ጄሪካን የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ የሕፃን መታጠቢያ የያዘ ጭምር እየተንጋጋ መጣ። እኛ እንደ ዕድል ሆኖ ቧንቧው አጠገብ ነበርን፤ ሰዉ ግን "ቶሎ በሉ፣ ሊሄድ ነው" እያለ ጀርባችን ላይ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። እባካችሁ አትሳቁ። "ማርቆስ" አልኩት፣ "ሁለታችን ለየብቻ ካጠብን ውሃውም አይበቃንም፣ ሎሚውም አይበቃንም። አንድ ላይ እንጠብ። በኋላ እኩል እንካፈላለን።"

"ጌታ ይባርክህ!" አለኝ። "እኔ በፍጹም አላስበውም ነበር።"

ጤነኛ ሰው ስለሆነ ነው ያላሰበው። ሁለቱን ዶሮዎች በአንድ ትልቅ ሳፋ ገለበጥናቸው። በሎሚ አሸን፣ በጨው አሸን፣ ስድስት ጊዜ አጠብን። ጥርት አሉ። ከዚያ እኔ፣ የንብረት ክፍል ባለሙያው፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ማካፈል ጀመርኩ። አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእኔ። ሁለት ለአንተ፣ ሁለት ለእኔ። አስራ ሁለት ሞላ። አስራ ሁለት ሞላ። አንድ ትርፍ የለ፣ አንድ ጉድለት የለ። መፈረሚያ ወረቀት ቢኖር እፈርም ነበር።

ሰናይት ከሥራ ስትገባ እግሯ ከድካም ብዛት አይጸናም። ሳፋውን ሳትከፍት "አስራ ሁለት ነው?" አለችኝ።

"አስራ ሁለት ነው።"

አምናኝ ቁሌቱን ሠራች፣ ሲፈላም ሁሉንም ሳትቆጥር ውስጡ ጨመረችው። እትዬ አስካለ ከሶፋው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው "ሰናይትዬ፣ ቁሌቱ ትንሽ…" ሲሉ እሷ "አንቺ እረፊ፣ እማዬ" አለቻቸው። እሳቸውም ወደ ኋላ ተመለሱ።

እንቁጣጣሽ ነጋ። ፀሐይ ወጣች፣ ሕፃናቱ በየበሩ አበባየሆሽ ይላሉ፣ የኛዋም ተቆጣጣሪ ለጊዜው ሥራዋን ትታ አብራ ትዞራለች። እትዬ አስካለ ግን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ነጭ ጫማቸውን አድርገው ነው የጠበቁን። ጋቢያቸውን አጥፈው ቦርሳዋ ላይ አድርገዋል።

"ምሳ በልተን ብሄድስ" አሉ። "ከሰዓት ታክሲ ሳይበዛበት።"

ሰናይት ወደ ማብሰያው ዞራ ለረጅም ጊዜ አንዲት ድስት ስታማስል ሳያት፣ ድስቷ ባዶ ነበረች። ይህን ያህል አክብረናቸው፣ ይህን ያህል አሳርፈናቸው እንዴት እንደሚሄዱ ሊገባኝ አልቻለም። ያን የማድ ቤት ደጃፍ አሰብኩት። ክረምት ዞሮ ይመጣል፤ ወንፊት የምትዋሰዋ ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ ወንፊት አይጎድላትም።

ምሳ ቀረበ። እትዬ አስካለ መረቁን፤ ለዓመቱ፣ ለቤቱ፣ ለልጅቱ ብለው። ሰናይት ጭልፋዋን ይዛ ማውጣት ጀመረች። ፈረሰኛውን ለእናቷ አደረገች፤ እሳቸው ደግሞ "የአባወራው ነው" ብለው ወደ እኔ ገፉት። ለሶልያና እግር አወጣችላት፣ እግር ትወዳለች። ቀጥላ ለእናቷ እግር አወጣች። ከዚያ ለራሷ ብላ ጭልፋዋን ሰደደች።

እግር ወጣ።

ሌላ እግር ብቻ አይደለም። ከሁለቱ አንድ ላይ የሚበልጥ፣ በእንጀራው ላይ ሲያርፍ ሌሎቹን ያሳነሰ እግር ነው። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

"አስራ ሁለት ነው ብለኸኝ ነበር" አለች ሰናይት፣ በታፈነ ድምፅ።

"አስራ ሁለት ነው! ቁጠሪው!"

"አባዬ" አለች ሶልያና ሁለት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ "ዶሮዋ ሦስት እግር ነበራት እንዴ? ስትሄድ እኮ አላየኋትም።"

ሰናይት ልታለቅስ ደረሰች። እናቷ ፊት ላለመዋረድ ነበር ይህ ሁሉ። እኔ ምድር ብትከፈትልኝ ገብቼ ከላይ እንድትዘጋብኝ እለምናት ነበር። እትዬ አስካለ ግን ብድግ አሉ። ሄዱ አልኩ በልቤ። አልሄዱም። ጭልፋዋን ከልጃቸው እጅ ተቀበሏት፣ ሳህን ሳቡ፣ ድስቱን ወደ ራሳቸው አስጠጉ፣ እያንዳንዷን ብልት እያወጡ በዓይነት በዓይነቷ ይደረድሯት ጀመር። ተቆጣጣሪዋ እንኳ መጮህ ረሳች።

"እግር ሦስት" አሉ። "ክንፍ አንድ።" ትልቁን እግር አገላብጠው አዩት። "ይህ የእሷ አይደለም። ይህ በደህና ቤት በልቶ ያደገ ነው።" ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። "እርስዎ፣ ሁለተኛዋ ዶሮ ማን ቤት ናት?"

ተናዘዝኩ። ስለ ውሃው፣ ስለ ሎሚው፣ አንድ ለአንተ አንድ ለእኔ ስላልኩት ሁሉንም ዘረዘርኩ። ስጨርስ እትዬ አስካለ አጎንብሰው ነበር። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብዬ ተነሳሁ። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነው። ድምፅ አልባ ሳቅ ነበር በመጀመሪያ፤ ቀጥሎ ድምፅ አወጣ፤ ቀጥሎ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሰናይት መጀመሪያ ፈዛ አየቻቸው፣ ከዚያ እሷም ያዛት።

በሩ ተንኳኳ። ማርቆስ ነው። በሳህን የተከደነ ነገር ይዟል፤ ፊቱ የዱቤ ደንበኛ ፊት ሆኗል።

"እንኳን አደረሳችሁ" አለ። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልመልስ ነው። ባለቤቴ 'ዶሮህ ሦስት ክንፍ አውጥታ የት ልትበር ነው' አለችኝ።"

ክዳኑን ሲያነሳ ቀጭኗ የኔ ክንፍ ተጋድማለች። እትዬ አስካለ ሳቃቸው እንደገና ጀመረ። "ያቺ ልትበር፣ ይቺ ልትሮጥ! እኔ እኮ ባልመጣ ዘንድሮ ዶሮዎቹ ሁሉ ታጥቀው ሊያመልጡ ነበር" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ትልቁን እግር ለማርቆስ ሰጡት፤ "ሚስትህን ይዘህ ተመለስ፣ ምሳው እዚህ ነው፤ ግን ቶሎ አትምጡ፣ ገና ነው" ብለው አሰናበቱት።

"ምኑ ነው ገናው?" አለች ሰናይት። "ደርሷል እኮ።"

እናቷ መረቁን በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሽንኩርቱ አልበሰለም። ቅቤው የሱቅ ነው። መከለሻም የለውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሽንኩርቱን የከተፍከው አንተ ነህ። አየሁህ። ግማሹ እንደ ድንጋይ፣ ግማሹ እንደ ዱቄት። እያየሁህ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? አላስነካ አላችሁኝ።"

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት "አንተ" በስድብ መሐል መጣ። ደስ ሲለኝ አስቡት።

"እማዬ፣ እንድታርፊ ብለን እኮ ነው" አለች ሰናይት።

"ዕረፍትማ ነፋስ ስልክ ምን አነሰኝ?" አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። "ሁለት ዓመት ሙሉ አረፍኩ። ለማን ላብስል? ለማን ላጥብ? እዚህ ስመጣ ሰው አለ፣ ሥራ አለ ብዬ ነው የመጣሁት። እናያለን ያልኳችሁ ይህን ነው። መጥቼ ደግሞ ብርጭቆ ብነካ ልጅቱ እንደ ሌባ ትጮህብኛለች። እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉኝ ከሆነ ቤቴ ብሄድ ይሻለኛል አልኩ።"

ሰናይት ተነስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም ዓይኔን ስጠርግ ሽንኩርት ያልተከተፈበት ቀን ስለሆነ ማመካኛ አጣሁ። ሶልያና ደግሞ "እኔ እኮ አዝዘውኝ ነው!" ብላ ከሥልጣኗ በገዛ ፈቃዷ ወረደች።

"በሉ ልቅሶው ይበቃል፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። "አንተ፣ ያን ቦርሳ አምጣልኝ።"

አመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጠረጴዛው ድምፅ አሰማ። ዚፑን ከፈቱት። ቀሚስ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ዕቃዎቹ እንዳይጋጩ የተጠቀለሉበት። ከውስጡ በጣሳ የታሸገ ንጥር ቅቤ ወጣ። በጠርሙስ በርበሬ ወጣ። መከለሻ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ሽርጥ ወጣ። ከሁሉም ታች፣ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ እጀታዋ ከማገልገል ብዛት የተበላች የዶሮ ቢላቸው ወጣች።

ሰናይት ቢላዋን አወቀቻት። "እማዬ… ሁለት ቀሚስ ነው ብለሽ?"

"ክፈቺው የሚለኝ አጣሁ እንጂ ከመጣሁ ጀምሮ አለ" አሉ ሽርጡን እያሰሩ።

ምሳችንን የበላነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ማርቆስና ባለቤቱ መጡ፤ ባለቤቱ የያዘችው ድስት ውስጥ ሁለት እግርና ሁለት ክንፍ በየቦታቸው ነበሩ፣ እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ፤ ለዚያውም በዓይነታቸው። ወጡ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ያቺ በገበያው ሁሉ ቀጭን የነበረች ዶሮ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘችው ከሞተች በኋላ መሆኑ ብቻ ያሳዝነኛል። እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው አልበሉም፤ ለዚህ ያጎርሳሉ፣ ለዚያ ይጨምራሉ። እኔ ልነሳ ስል "ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ፣ በአንድ ጊዜ።

"ለመስቀል ዶሮ የምትበልተው አንተ ነህ" አሉኝ። "እኔ ቆሜ አሳይሃለሁ። ወንድ ልጅ ዶሮ አይችልም ብዬ የምተውህ እንዳይመስልህ።"

ምሳው ተነስቶ ሰዉ ከወጣ በኋላ ባዶዋ ቡናማ ቦርሳ ጠረጴዛው ሥር ወድቃ አገኘኋት። ስትመጣ ወገቤን ያስያዘችኝ አሁን በአንድ ጣቴ ተንጠለጠለች። እትዬ አስካለ ሳህን እያጠቡ ነው፣ ሶልያና እያለቀለቀች ታቀብላቸዋለች።

"ቦርሳዋን የት ላድርጋት?" አልኳቸው። "በሩ አጠገብ?"

"በር ላይ ምን ትሠራለች፣ ሰው ሊደናቀፍባት? አልጋዬ ሥር አድርጋት" አሉ ሳይዞሩ።

ትናንት ማታ ከሶልያና ጋር ያደሩበት አልጋ "አልጋዬ" ሲባል ገና መስማቴ ነበር። የሶልያና ክፍል ገብቼ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ቦርሳዋንም አልጋው ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋኋት፣ በቀላሉ እንዳትወጣ።